በብልቃጡ ውስጥ ስንት አለ? የኤክሶሶም የካንሰር ክትባትና ያልተስማማው መስፈሪያ

በ2005 ውጤቱ በታተመ አንድ የፈረንሳይ ሙከራ፣ ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር በሰውነታቸው የተሰራጨ 15 ሕሙማን ኤክሶሶም ከሚባሉ ጥቃቅን የሴል ከረጢቶች የተሠራ አዲስ ዓይነት ክትባት ተወጉ። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዶዙ የተሰፈረው በሚሊግራም አይደለም፤ በሚሊሊትርም አይደለም። ዝቅተኛው 13 ትሪሊዮን፣ ከፍተኛው 40 ትሪሊዮን ሞለኪውል ነበር። የተቆጠረው ሞለኪውል ደግሞ ክትባቱ ራሱ ሳይሆን በክትባቱ ከረጢቶች ገጽ ላይ የተተከለ፣ ኤምኤችሲ ክፍል ሁለት የሚሉት፣ የሌሎች ፕሮቲኖችን ቁርጥራጭ ለመከላከያ ሴሎች የሚያሳይ ፕሮቲን ነው። ጤፍ ገዝቶ በኪሎ ወይም በቁና ሳይሆን በጆንያው ስፌት ብዛት እንደ መስፈር ያለ ነገር። በጊዜው የተሻለ መስፈሪያ ስላልነበረ አይፈረድባቸውም፤ እንዲያውም ከክትባቱ ሥራ ጋር የተያያዘ ነገር መቁጠራቸው ያስመሰግናቸዋል። የሚገርመው ከዚያ ወዲህ ይህን ሁሉ ዓመት ቆይተን አንዱ ላቦራቶሪ በከረጢት ቁጥር፣ ሌላው በማይክሮግራም ፕሮቲን፣ ሦስተኛው «ከዚህን ያህል ሚሊዮን ሴል የተገኘ» እያለ መስፈሩ ነው።

ስለ ኤክሶሶም ሲወራ ሁሌም የሚወራው ከረጢቱ ስለተጫነው ድንቅ ጭነት ነው። በእኔ ግምት ግን ይህ ሕክምና እስካሁን ሆስፒታል ያልደረሰበት ዋናው ምክንያት ጭነቱ ሳይሆን ሒሳቡ ነው። ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ኤክሶሶም ሴል ወደ ውጪ የሚለቀው፣ በስብ ሽፋን የተጠቀለለ፣ ከ30 እስከ 150 ናኖሜትር ስፋት ያለው ከረጢት ነው። በአንዲት የጸጉር ዘለላ ውፍረት ላይ 800 ያህሉ ጎን ለጎን ይደረደራሉ። አፈጣጠሩን ማወቅ ለኋላው ይጠቅማል። በሴሉ ውስጥ ያለ ትልቅ ከረጢት ሽፋኑ ወደ ውስጥ እየተሰረጎደ ትናንሽ ከረጢቶች ይቋጥራል፤ ከዚያ ትልቁ ከሴሉ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ይከፈትና ትንንሾቹን ወደ ውጪ ያፈሳቸዋል። ሁለት ጊዜ ስለተገለበጠ፣ በሴሉ ገጽ ላይ ወደ ውጪ ያፈጠጠ ፕሮቲን በኤክሶሶሙም ገጽ ላይ ወደ ውጪ እንዳፈጠጠ ይቀራል። ክትባት የመሆን ተስፋው የተንጠለጠለው እዚህ ላይ ነው።

በ1983 በአሜሪካ ሴንት ሉዊስና በካናዳ ሞንትሪያል ያሉ ሁለት ቡድኖች ይህን ያዩት ገና ያልበሰሉ ቀይ የደም ሴሎችን ሲከታተሉ ነበር። ሴሉ ሲበስል የማያስፈልገውን የብረት መቀበያ ፕሮቲን ጠቅልሎ ሲጥል አገኙት፤ ለረጅም ጊዜም ኤክሶሶም የሴል ቆሻሻ መጣያ ተደርጎ ተቆጠረ። ሐሳቡ የተገለበጠው በ1996 ነው። ግራሳ ራፖዞና የኔዘርላንድ ባልደረቦቿ፣ ቢ ሴል የተባሉት የመከላከያ ሴሎች የሚለቋቸው ኤክሶሶሞች ኤምኤችሲ ክፍል ሁለትን ተሸክመው ቲ ሴል የተባለውን ሌላ የመከላከያ ሴል እንደሚቀሰቅሱ አሳዩ። በ1998 ደግሞ ሎራንስ ዚትቮጌልና ባልደረቦቿ በፈረንሳይ ከዴንድሪቲክ ሴሎች የተሰበሰቡ ኤክሶሶሞችን የዕጢ ፕሮቲን ቁርጥራጭ አስይዘው አይጦችን ወጉ፤ በበቀለ ዕጢ ላይ ዕድገቱን ገቱት፣ አንዳንዱንም አጠፉት። ዴንድሪቲክ ሴል የሰውነታችን ቃፊር ነው፤ ጠላት የሚመስለውን ቆራርሶ ለቲ ሴሎች ያሳያል። ዚትቮጌል ያደረገችው ቃፊሩን ትታ ቃፊሩ የሚልከውን መልእክት ብቻ መውሰድ ነበር።

እዚህ ላይ «ክትባት» የሚለው ቃል ማብራሪያ ይሻል። እኛ ዘንድ ክትባት ሲባል ከበሽታ በፊት የሚሰጥ ነገር ነው። በኢትዮጵያ በ2018 ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው የማሕፀን በር ካንሰር ክትባት እንዲህ ነው፤ ቫይረሱ ሳይገባ በሩን ይዘጋል። የምናወራው ግን በሽታው ከገባ፣ ዕጢው ከበቀለ በኋላ የሰውነትን መከላከያ ለመቀስቀስ የሚሰጥ ነው። ፈዋሽ ክትባት እንበለው። ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው የሚሠራው እንግዳን በማያውቅ ንጹሕ ሰውነት ላይ ነው፤ ሁለተኛው ዕጢው ለዓመታት ሲያባብለውና ሲያደነዝዘው የኖረን መከላከያ ነው መቀስቀስ ያለበት።

ሕያዋን ዴንድሪቲክ ሴሎችን መስጠት እያለ ለምን ኤክሶሶም? በ2010 በአሜሪካ ለፕሮስቴት ካንሰር የተፈቀደው ፕሮቬንጅ ከሕመምተኛው ከራሱ ሴሎች የሚሠራ ነው፤ ሕያው ስለሆነ ግን ከፋብሪካው ከወጣ በኋላ የሚቆየው 18 ሰዓት ነው። ሕያው ሴል ሌላም ጣጣ አለው፤ ዕጢው አጠገብ ሲደርስ ሊደነዝዝ፣ ወደ ተቃራኒው ሊገለበጥ ይችላል። ኤክሶሶም ግን ሕያው አይደለም፤ ሐሳቡን የሚያስቀይረው የለም። ማቀዝቀዣ ውስጥም ለወራት ይቀመጣል። ይቀመጣል የሚለውን በኋላ እመለስበታለሁ፤ እንደሚወራው ቀላል አይደለም።

የ2005ቱን ሙከራ አሠራር ላስረዳ። ከሕመምተኛው ደም በማሽን እየተጣራ ነጭ የደም ሴሎች ተወሰዱ። ከእነዚህ ሞኖሳይት የሚባሉት ተለይተው ጂኤም-ሲኤስኤፍና ኢንተርሊኪን-4 በተባሉ ሁለት ፕሮቲኖች ውስጥ ለሳምንት ያህል አደጉና ዴንድሪቲክ ሴል ሆኑ። የለቀቁት ኤክሶሶም ተጣርቶ ማጅ-3 ከተባለው የዕጢ ፕሮቲን የተወሰዱ ቁርጥራጮች ተለጠፉበት። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለአራት ሳምንት ተወጋ። ከባድ ጉዳት አልታየም። አንድ ሰው ላይ ዕጢው በከፊል ቀነሰ፤ ሌላ አንድ ሰው ላይ ትንሽ ለውጥ ታየ። ነገር ግን በደም ውስጥ ማጅ-3ን ለይተው የሚያጠቁ ቲ ሴሎች ሲፈለጉ አልተገኙም። ክትባት ሆኖ የተሠራው ነገር የክትባት ምልክቱን አላሳየም። በዚያው ዓመት ውጤቱ በታተመውና በአሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ የሳንባ ካንሰር ባለባቸው ሕሙማን ላይ በተደረገው ተመሳሳይ ሙከራ 13 ተመዝግበው 9 ብቻ ክትባቱን ጨረሱ።

ፈረንሳዮቹ ተስፋ አልቆረጡም። በቀጣዩ ዙር ዴንድሪቲክ ሴሎቹን ኢንተርፌሮን-ጋማ በተባለ ቀስቃሽ ፕሮቲን አብስለው ኤክሶሶሙን አጠናከሩት። መከላከያውን የሚያፍኑትን ሴሎች ለማሳሳትም አስቀድመው ሳይክሎፎስፋማይድ የተባለውን የኬሞቴራፒ መድኃኒት በቀን 50 ሚሊግራም ለሦስት ሳምንት ሰጡ። በ2016 በታተመው ውጤት የተሳተፉት 22 የሳንባ ካንሰር ሕሙማን ናቸው። ዕቅዱ ኬሞቴራፒ ካቆሙ ከ4 ወር በኋላ ቢያንስ ግማሾቹ በሽታቸው ሳይገፋ እንዲቆይ ነበር። የተገኘው 7 ሰው፣ 32 በመቶ። ግቡ አልተመታም። የተሻለ ነቅቶ የታየው የተጠበቀው ቲ ሴል ሳይሆን ኤንኬ ሴል ነው፤ ይህ ሴል ደግሞ የተለየ አንቲጂን (መከላከያው የሚለየው የጠላት ምልክት) ሳይነገረው የሚገድል ነው። ለእንግዳው ተደግሶ ጎረቤት በላው።

በቻይና በ2008 የታተመ ሌላ ሙከራ ቁልፉን በተሻለ ያሳየናል። 40 የትልቁ አንጀት ካንሰር ሕሙማን ሆዳቸው ውስጥ ከተጠራቀመ ፈሳሽ የተጣራ የራሳቸው ኤክሶሶም ተወጉ፤ አንዳንዶቹ ብቻውን፣ ሌሎቹ ከጂኤም-ሲኤስኤፍ ጋር። ሲኢኤ የተባለውን የዕጢ ፕሮቲን የሚያጠቁ ቲ ሴሎች የተቀሰቀሱት ሁለቱን አብረው በተወጉት ነው። ቲ ሴል ለመነሣት ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ አንቲጂኑን ማየት፣ «አዎ፣ ጠላት ነው» የሚል ማረጋገጫ፣ እና የሚያበረታታ የኬሚካል ጩኸት። ተፈጥሯዊው ኤክሶሶም የመጀመሪያውን በደንብ፣ ሁለተኛውን በስሱ ያደርሳል፤ ሦስተኛው እምብዛም የለውም። ኤክሶሶምን እንደ ፍላጎት መቅረጽ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

የቅርጻ ሥራው የሚጀምረው ከአንድ ቀላል ስሌት ነው፤ ብዙ ሰው ስለሚዘለው እዚሁ እሠራዋለሁ። 100 ናኖሜትር ስፋት ያለው ኤክሶሶም የሽፋኑ ውፍረት 5 ናኖሜትር ገደማ ስለሆነ ውስጡ 90 ናኖሜትር ነው። የዚህ ድቡልቡል ውስጠ ይዘት 380,000 ኪዩቢክ ናኖሜትር ያህል ይሆናል። በውስጡ ያለው ፈሳሽ የአንድ ሚሊሞላር ጥግግት ቢኖረው በከረጢቱ ውስጥ 230 ሞለኪውሎች ይገኛሉ። ሚሊሞላር ትንሽ ይመስላል፤ ለመካከለኛ ፕሮቲን ግን በአንድ ሚሊሊትር 50 ሚሊግራም ማለት ነው፣ ወፍራም ነገር። ብዙዎች ኤክሶሶሙን የሚዘፈዝፉት በማይክሮሞላር፣ በሚሊሞላር ሺህኛ፣ ነው። ያን ጊዜ ሒሳቡ 0.23 ይመጣል፤ ከአራት ወይም ከአምስት ከረጢት አንዱ አንዲት ሞለኪውል ይዟል ማለት ነው፣ የቀረው ባዶ። ይህም ፕሮቲኑ በስብ ሽፋኑ አልፎ ይገባል ብለን ከለገስን ነው፤ አይገባም።

ስለዚህ ዘፍዝፎ ከመጫን ይልቅ ሴሉ ራሱ ኤክሶሶሙን ሲቋጥር እንዲጭነው ማድረግ ይሻላል። ዘዴው ወደ ኤክሶሶም በብዛት የሚገባ ፕሮቲን ፈልጎ የሚፈለገውን አንቲጂን በጅን ደረጃ ከእሱ ጋር መስፋት ነው። በ2008 ከፈረንሳይ የወጣ ጥናት ላክታድሄሪን የተባለውን ፕሮቲን ሲ1ሲ2 ክፍል ለዚህ ተጠቅሞ አንቲጂኑን በከረጢቱ ገጽ ላይ ሲያስለጥፍ፣ በነጻ ከሚለቀቀው አንቲጂን የበለጠ መከላከያ አስነሣ። አንድ ዓይነት አንቲጂን ነው፤ የተለየው ማረፊያው ነው። የአሜሪካው ኮዲያክ ባዮሳይንስስ በበኩሉ ፒቲጂኤፍአርኤን የተባለ ፕሮቲንን ለገጽ፣ ቢኤኤስፒ1 የተባለውን ለውስጥ መትከያ አድርጎ ሠርቷል።

ላምፕ2ቢ የተባለው መትከያ በ2011 ዝነኛ ሆኖ ብዙዎች ተጠቅመውበታል። ጣጣው የተሰፋው ቁራጭ በሴሉ ውስጥ ሲጓዝ በፕሮቲን በሊታ ኢንዛይሞች መቆረጡ ነው። መትከያው ኤክሶሶሙ ላይ በደህና ይደርሳል፤ ምርመራውም «አለ» ይላል፤ ጫፉ ላይ የነበረው ቁራጭ ግን የለም። በ2015 የታየው መፍትሔ ከቁራጩ ጎን የስኳር ማሰሪያ ቦታ መጨመር ነው፤ ስኳሩ እንደ ጋሻ ይከልለዋል። ትምህርቱ፦ ሲለካ መትከያውን ሳይሆን ጫፉን መለካት። ባንዲራው ወድቆ ሰንደቁን እየቆጠሩ «ተሰቅሏል» ማለት አይቻልም።

ሌላው ወጥመድ የኤሌክትሪክ ምት ነው። ሽፋኑን በምት ለቅጽበት በስቶ አርኤንኤ ማስገባት ለዓመታት እንደ ተራ ዘዴ ሲሠራበት ቆየ። በ2013 የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ሲፈትሹት፣ ከብረት ኤሌክትሮዶቹ የሚወጡ አየኖች አርኤንኤውን አያይዘው ጓል ያደርጉታል፤ ጓሉ ከኤክሶሶሙ ጋር አብሮ ይዘቅጣል፤ ለካነው የምንለው «የገባ» አርኤንኤ ጓሉ ነው። ጓሉ እንዳይፈጠር ሲከላከሉ የገባው መጠን እዚህ ግባ የሚባል አልሆነም። ፍተሻው ቀላል ነው፤ ያለ ኤክሶሶም አርኤንኤውን ብቻ በምት መትቶ የሚዘቅጠውን ማየት። ይህን ያላደረገ ሥራ ሲቀርብ ጥርጣሬዬ ወዲያው ይነሣል።

በስዊድን የካሮሊንስካ ተቋም የሱዛን ጋብሪየልሶን ቡድን ሥራ ግን በእኔ ሚዛን ከሁሉም ይከብዳል። አጭር ቁርጥራጭ ሳይሆን ሙሉ ፕሮቲን የጫነ ኤክሶሶም ቲ ሴልን ብቻ ሳይሆን ቢ ሴልንም ሲቀሰቅስ በአይጦች ላይ የተሻለ ሠራ። በ2016 ደግሞ በኤክሶሶሙ ላይ ያለው ኤምኤችሲ ከተወጋው አይጥ ጋር ባይመሳሰልም፣ ጭራሽ ባይኖርም፣ ክትባቱ እንደሚሠራ አሳዩ። ምክንያቱም የተወጋው እንስሳ የራሱ ዴንድሪቲክ ሴሎች ጭነቱን ወስደው በራሳቸው ኤምኤችሲ ያሳዩታል። በፈረንሳይ ሙከራዎች ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ ለየብቻ ማምረት አስፈላጊ ነበር፤ ቁርጥራጮቹ የሚገጥሙትም የተወሰነ የኤችኤልኤ (የሰው ኤምኤችሲ) ዓይነት ላለው ሰው ነበር። የስዊድኖቹ ውጤት በሰው ላይ ከጸና፣ አንድ ጋን ሙሉ ተመርቶ ለመቶ ሰው ይዳረሳል ማለት ነው። የዋጋ ነገር የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛውን ምልክት፣ ማለትም ጩኸቱን፣ ለመጨመር የተሞከሩት ብዙ ናቸው፤ ኢንተርሊኪን-12 የተባለ ቀስቃሽ ፕሮቲን በገጽ ላይ መትከል፣ ስቲንግ የተባለውን የማንቂያ ደወል የሚነካ ሞለኪውል መጫን። በ2022 ከቻይና የቀረበው የጡት ካንሰር ሥራ አቅጣጫው ይለያል። ከጡት ካንሰር ሴል የተገኙ ኤክሶሶሞች አልፋ-ላክታልቡሚን የተባለ ፕሮቲን እንዲይዙ ተደርጎ፣ የካንሰር ሴልን «እየጮኸ እንዲሞት» የሚያደርግ የኒውትሮፊል ኤላስቴዝ ኢንዛይምና ሂልቶኖል የተባለ ቀስቃሽ ተጫነባቸው። አንቲጂን አልተመረጠም። ዕጢው እዚያው ይሞታል፤ የራሱ ፍርስራሽ አንቲጂን ይሆናል፤ ቀስቃሹ ቃፊሮቹን ይጠራል። የትኛው አንቲጂን ይሻላል ከሚለው የቆየ ክርክር መገላገሉ ብልህነት ነው። የተፈተነው ግን በአይጦችና ከሕሙማን በተወሰደ፣ በሳሕን ላይ ባደገ የዕጢ ሕብረ ሕዋስ ነው።

የኤክሶሶሙ ምንጭ የካንሰር ሴል መሆኑ ግን ያሳስበኛል። የዕጢ ኤክሶሶም አንቲጂን አለው፤ ዕጢው ለራሱ ጥቅም የሠራው መሣሪያም ነው። በ2018 የሜላኖማ ኤክሶሶሞች ገጻቸው ላይ ፒዲ-ኤል1 የተባለ አደንዛዥ ፕሮቲን ተሸክመው ቲ ሴሎችን ከሩቅ እንደሚያደነዝዙ ታየ። ከዚያ ቀደም በ2015 የዴቪድ ላይደን ቡድን በኒው ዮርክ፣ የዕጢ ኤክሶሶም ገጽ ላይ ያሉት ኢንተግሪን ፕሮቲኖች ካንሰሩ ቀጥሎ የሚያርፍበትን አካል እንደሚያዘጋጁ አሳየ፤ አንዱ ዓይነት ወደ ሳንባ፣ ሌላው ወደ ጉበት። ከዕጢ ሴል ኤክሶሶም የሚያመርት ሰው ቢያንስ ፒዲ-ኤል1ንና ቲጂኤፍ-ቤታ የተባለውን ሌላ መከላከያ አፋኝ ፕሮቲን ከምንጩ ሴል በጅን መቁረጫ ማውጣት፣ ከዚያም በብልቃጡ ውስጥ አለመኖራቸውን መለካት ይኖርበታል።

አሁን ወደ ምርቱ። አንድ ዙር ምርት ከጅምሩ እስከ ብልቃጡ ስናይ ሒሳቡ የት የት እንደሚበላሽ ይገባናል።

ሴሎቹ 80 በመቶ ያህል ሳሕኑን ሲሸፍኑ ሚዲየሙ (የሚያድጉበት ፈሳሽ) ተቀይሮ ለ48 ሰዓት ይተዋሉ። ሚዲየሙ ውስጥ የተለመደው የጥጃ ፅንስ ሴረም ካለ የመጀመሪያው ስሕተት ተሠራ፤ ሴረሙ በላም ኤክሶሶም የተሞላ ነው። በ100,000 የመሬት ስበት እጥፍ ለ18 ሰዓት ያህል አሽከርክሮ ማጥራት ይረዳል፣ ግን አያጸዳም፤ ሴረም የሌለው ሚዲየም ይመረጣል። ሴረም ሲቀር ደግሞ ሴሎች ይሞታሉ። ከ95 በመቶ በታች ሕያው ከሆኑ ዙሩን መጣል ነው የሚያዋጣው፤ የሞተ ሴል ፍርስራሽ በመጠን ከኤክሶሶም ጋር ይቀላቀላል፤ ከተቀላቀለ የሚለየው የለም። ማይኮፕላዝማ የተባለው ባክቴሪያ ከገባም እንዲሁ፤ በ0.22 ማይክሮን ማጣሪያ ሾልኮ ያልፋል፤ ራሱም ከረጢት ይለቃል።

ከዚያ ማሽከርከር ነው። በ300 እጥፍ ለ10 ደቂቃ፦ ሕያው ሴል ይወርዳል። በ2,000 እጥፍ ለ20 ደቂቃ፦ የሞተ ሴል። በ10,000 እጥፍ ለ30 ደቂቃ፦ ትላልቅ ፍርስራሽ። እስካሁን የምንፈልገው ከላይ ያለው ፈሳሽ ነው፤ አተላው ይጣላል። የቆየው ዘዴ ቀጥሎ በ100,000 እጥፍ ለ70 ደቂቃ ማሽከርከር ነው፤ አሁን የሚፈለገው አተላው ነው። እዚህ ላይ በጽሑፎች ላይ የሚቀረው ነገር የማሽከርከሪያው ራስ ዓይነት ነው። ቱቦው ተንጠልጥሎ ወደ ጎን የሚወዛወዝበት ራስና ቱቦው አጋድሎ የተያዘበት ራስ ከረጢቱ እስከ ታች የሚጓዘው ርቀት ስለሚለያይ፣ በአንድ ዓይነት ኃይልና ሰዓት የሚያወርዱት መጠን አንድ አይደለም። «100,000፣ 70 ደቂቃ» ብቻ ብሎ መጻፍ የእሳቱን ነገር ሳይናገሩ «ወጡን አንድ ሰዓት አብስል» እንደ ማለት ነው። በዚህ ኃይል የወረደ ኤክሶሶም ደግሞ እርስ በርሱ ተጣብቆ ሊገኝ ይችላል፤ በፒፔት ቢያሹትም ሁሉም አይለያይም።

ለሰው የሚሆን ምርት ሲታሰብ ሴንትሪፊውጁን ትቶ ፈሳሹን በማጣሪያ ጎን ለጎን ማስሮጥ ይሻላል። የማጣሪያው ቀዳዳ 500 ኪሎዳልተን ከሆነ 66 ኪሎዳልተን የሆነው አልቡሚን ያልፋል፣ ከረጢቱ ይቀራል፣ ሊትሮችም ወደ ጥቂት ሚሊሊትር ይጠባሉ። የሚበላሸው ማጣሪያው ሲደፈንና ሠራተኛው ቸኩሎ ግፊቱን ሲጨምር ነው፤ ከረጢቱ ወይ ይቀደዳል ወይ ማጣሪያው ላይ ተለጥፎ ይቀራል።

የመጨረሻው ማጥራት በጄል ዶቃ በተሞላ ቱቦ ነው። ትልቁ ከረጢት ዶቃው ቀዳዳ ውስጥ መግባት ስለማይችል ቀድሞ ይወጣል፤ ትንሹ ፕሮቲን በየቀዳዳው እየገባ ይዘገያል። በ10 ሚሊሊትሩ ዓይነት ቱቦ የሚወጣውን በግማሽ በግማሽ ሚሊሊትር ብንቀዳ፣ የመጀመሪያዎቹ ስድስቱ ባዶ ናቸው፤ ኤክሶሶሙ በአብዛኛው ከሰባተኛው እስከ ዘጠነኛው ይወጣል። ከአሥረኛው ጀምሮ ፕሮቲኑ ይከተላል። አሥረኛውን «ጥቂት ከረጢት አለበት» ብሎ መጨመር የሚያጓጓ ስስት ነው፤ የከረጢቱን ቁጥር በትንሹ፣ ቆሻሻውን በብዙው ያሳድጋል።

እና አሁን ቆጠራ። በሌዘር ብርሃን ብናኙ ሲንቀጠቀጥ በካሜራ የሚቆጥረው መሣሪያ የሚያየው ነጥብ እንጂ ኤክሶሶም አይደለም። የስብ ቅንጣት፣ የፕሮቲን ጓል፣ የጨው ውኃው ብናኝ፣ ሁሉም ነጥብ ነው። ከ60 ናኖሜትር ያነሰውን ደግሞ ብዙ ጊዜ አያየውም። ሁለት ፍተሻ ያስፈልጋል። አንደኛው ሴል ያልነካውን ሚዲየም በዚያው መንገድ አጣርቶ መቁጠር ነው፤ የተገኘው ቁጥር ከምርቱ ላይ ይቀነሳል። ሁለተኛው ሳሙና መሰል የሆነውን ትራይተን ጨምሮ እንደገና መቁጠር ነው፤ ኤክሶሶም ስብ ስለሆነ ይፈርሳል፣ የፕሮቲን ጓል ግን እንዳለ ይቀራል። ከሳሙናው በኋላም ቁጥሩ ካልቀነሰ፣ ስንቆጥር የዋልነው ኤክሶሶም አልነበረም። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ጥራቱን በአንድ ቁጥር ለመግለጽ በ2013 የቀረበ ሐሳብ አለ፦ በአንድ ማይክሮግራም ፕሮቲን ስንት ከረጢት አለ? ከ30 ቢሊዮን በላይ ከሆነ ንጹሕ፣ ከ2 እስከ 20 ቢሊዮን ከሆነ ዝቅተኛ። ሁለት ላቦራቶሪዎች «10 ማይክሮግራም ወጋን» ቢሉ፣ አንዱ 300 ቢሊዮን ከረጢት፣ ሌላው 20 ቢሊዮን ሰጥቶ ሊሆን ይችላል። የ15 እጥፍ ልዩነት በአንድ ቃል ሥር። የዓለም አቀፉ የዘርፉ ማኅበር መመሪያ (የ2014፣ የ2018 እና የ2023 ዕትሞች) ቢያንስ ሲዲ9ን፣ ሲዲ63ን ወይም ሲዲ81ን የመሰለ የሽፋን ምልክት፣ ከውስጥም አንድ ምልክት፣ መኖር የሌለበትም ነገር አብሮ እንዲታይ ይጠይቃል። ጥሩ ነው፤ ግን ምልክት መኖሩን እንጂ መጠኑን አይፈታም።

በክትባት ሥራ ላይ ከሁሉ የሚከፋው ብክለት ኢንዶቶክሲን ነው፤ የባክቴሪያ ግድግዳ ፍርፋሪ። ዴንድሪቲክ ሴልን በጥቂቱ እንኳን ሲነካው አብርቶ ያስነሣዋል። ክትባቱ ሠራ ብሎ የተደሰተ ሰው የተደሰተው በቆሸሸ ውኃ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የማነጻጸሪያው ቡድን ጨው ውኃ ብቻ መወጋቱ አይበቃም። ያልተቀረጸ ኤክሶሶም የተወጋ ቡድን ያስፈልጋል፤ በተመሳሳይ መጠን ነጻ አንቲጂንና ቀስቃሽ የተወጋም፤ ባዶ ኤክሶሶም ከነጻው አንቲጂን ጋር በማንኪያ እንደ ተማሰለ ተቀላቅሎ የተወጋም። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይቀራል። የቀረበት ምክንያት አንዳንዴ የአይጥ ዋጋ ነው፤ አንዳንዴ ግን ውጤቱን መፍራት ይመስለኛል።

የሚወጋበት ቦታም ሒሳቡ ውስጥ ይገባል። በደም ሥር ከገባ በአይጥ ላይ በደቂቃዎች ውስጥ ከደም ይጠፋል፤ ጉበትና ጣፊያ ይውጡታል። ለክትባት ከቆዳ ሥር ይሻላል፤ ከዚያ በቅርብ ወዳለው ንፍፊት ይሄዳል። በንፍፊቱ በር ላይ ግን ሲዲ169 የተባለ ፕሮቲን ያላቸው በላተኛ ሴሎች ተሰልፈው ኤክሶሶሙን ይይዙታል። ጥበቃቸው እንቅፋትም በረከትም ነው፤ ወደ ውስጥ የሚያልፈውን ይወስናሉ።

ገንዘቡም ይህን ሁሉ አያድንም። ኮዲያክ ምርጥ የምርት መስመር ነበረው፤ ስቲንግ ቀስቃሽ የጫነና ኢንተርሊኪን-12 የተከለ ኤክሶሶም በሰው ላይ እስከ መሞከር ደርሷል። በመጋቢት 2023 ለኪሳራ ጥበቃ አመለከተ። በሌላ ጫፍ ደግሞ ሙከራ የሚባል ነገር የማያውቁ ክሊኒኮች አሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በታኅሣሥ 2019 ያልተፈቀደ የኤክሶሶም ምርት በተወጉ ሰዎች ላይ ከባድ ጉዳት መድረሱን ጠቅሶ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፤ የተፈቀደ አንድም የኤክሶሶም ምርት እንደሌለም በዚያው ገልጿል። ለቆዳ ውበት፣ ለጉልበት ሕመም፣ ለካንሰርም «ኤክሶሶም አለን» የሚል ማስታወቂያ ሲገጥማችሁ የመጀመሪያው ጥያቄ «ከምን ሴል? በአንድ ሚሊሊትር ስንት? በምን ተቆጠረ?» ይሁን። ሦስቱን ሳይንተባተብ የሚመልስ ሻጭ ብርቅ ነው።

ማስቀመጫውን እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። የተለመደው ኤክሶሶሙን በጨው ውኃ አድርጎ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ መጣል ነው። በጨው ውኃ ብቻ ሲቀመጥ ቁጥሩ ይወርዳል፤ ከፊሉ ይጣበቃል፣ ከፊሉ የቱቦው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። የሰው አልቡሚንና ትሬሃሎዝ የተባለ ስኳር ሲጨመርበት ብዙው ይተርፋል፤ አልቡሚኑ ግድግዳውን ቀድሞ ይይዝለታል፣ ስኳሩ ከበረዶ ስብራት ይከላከላል። ችግሩ አልቡሚን ከተጨመረ በኋላ በማይክሮግራም ፕሮቲን መስፈር ፋይዳ የለውም፤ የሚለካው የተጨመረው አልቡሚን ነው። ስለዚህ ዶዙ ከመጨመሩ በፊት ተለክቶ መለያው ላይ ይጻፋል። ከወራት በኋላ ነርሷ ብልቃጡን አቅልጣ ወደ መርፌ ስትስብ መለያው ላይ ያለው ቁጥር የዚያን ቀን ቁጥር ነው። የመርፌው ፕላስቲክም የራሱን ድርሻ ይይዛል። ከመርፌው ጫፍ የወጣውን ጠብታ ተቀብሎ እንደገና የቆጠረ ሰው፣ ሕመምተኛው በእርግጥ ስንት እንደተወጋ የሚያውቀው እሱ ነው።